የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለመምህር መታሰቢያ ለነሐስ መሣሪያዎች መጻፍ

ጥያቄ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፦ ሁለት ትራምፔት፣ አንድ ሆርን፣ አንድ ትሮምቦንና አንድ ቱባ ባለው ቡድን ውስጥ ትራምፔት እጫወታለሁ። መሣሪያውን ከመጀመሪያዋ ድምፅ ጀምረው ያስተማሩኝ መምህሬ በቅርቡ አርፈዋል። አምስታችንም በተለያየ ጊዜ በእጃቸው ያለፍን ተማሪዎች ስለሆንን፣ በስማቸው በምናዘጋጀው የመታሰቢያ ምሽት ላይ አምስት ደቂቃ ገደማ የሚወስድ አዲስ ሥራ እንድጽፍ ጓደኞቼ አደራ ሰጥተውኛል። ከዚህ በፊት አጫጭር ቅንብሮችን ሠርቼ አውቃለሁ፤ አሁን ግን የጀመርኩት ሁሉ ወይ የቀብር ማርሽ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ እሳቸው በሕይወት ኖረው ቢሰሙት የሚስቁበት ዓይነት ልቅሶ ይሆንብኛል። ከየት ልጀምር?

ትራምፔት ተጫዋቹ

መልስ

በቅድሚያ ለእርስዎና ለጓደኞችዎ መጽናናትን እመኛለሁ። የጀመሩት ሁሉ የቀብር ማርሽ መሆኑ የችሎታ ጉድለት አይመስለኝም፤ የያዛችኋቸው መሣሪያዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠሩበት የኖሩት ሥራ ስለሆነ እጅዎ በተለመደው መንገድ ይሄዳል። እንግሊዛዊው ደራሲ ሄንሪ ፐርሰል እ.ኤ.አ. በ1695 ለንግሥት ሜሪ የቀብር ሥነ ሥርዓት በተንሸራታች ትራምፔቶች የሚነፋ ማርሽ ጽፏል። ቤትሆቨን በ1812 ሊንዝ በተባለችው የኦስትሪያ ከተማ ሳለ፣ የካቴድራሉ የሙዚቃ ኃላፊ ለሙታን መታሰቢያ ቀን የሚሆን ነገር ቢጠይቁት፣ ለአራት ትሮምቦን ብቻ ሦስት አጫጭር ሥራዎችን ሰጥቷቸዋል፤ ከ15 ዓመታት በኋላም በራሱ በቤትሆቨን ቀብር ላይ ከሦስቱ ሁለቱ በትሮምቦንና በወንዶች መዘምራን ተሰምተዋል። ነሐስ ሐዘንን መሸከም እንደሚችል እንግዲህ ማንም አይጠራጠርም። እነዚህ ሥራዎች የተጻፉት ግን ለሽኝትና ለጸሎት ሥነ ሥርዓት ሲሆን፣ የእርስዎ አድማጭ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ተጫዋቾቹ ላይ ተክሎ አምስት ደቂቃ ሙሉ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ዘገምተኛው ምት አስከሬን ተከትሎ ለሚራመድ ሰው ይስማማል፤ ለተቀመጠ ሰው ግን ከሁለተኛው ደቂቃ በኋላ የሚመጣው ሁሉ አስቀድሞ የታወቀ ይሆንበታል።

ለእርስዎ ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርበው የሩሲያዊው ደራሲ የኢጎር ስትራቪንስኪ ታሪክ ነው። መምህሩ ኒኮላይ ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ በ1908 ሲሞቱ ስትራቪንስኪ የ26 ዓመት ወጣት ነበር፤ ሳይውል ሳያድርም ለመታሰቢያቸው አንድ የኦርኬስትራ ሥራ ጻፈ። ሥራው በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ በሴንት ፒተርስበርግ ከቀረበ በኋላ ኖታው ጠፋ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ማንም ሳይሰማው ቆይቶ የተጫዋቾቹ ድርሻዎች በ2015 በዚያው ከተማ ኮንሰርቫቶሪ ውስጥ ተገኙና በ2016 መጨረሻ ዳግም ተደመጠ። ደራሲው ከዓመታት በኋላ ሙዚቃውን ረስቶት ነበር፤ ያልረሳው ሐሳቡን ነው። የኦርኬስትራው ሶሎ መሣሪያዎች አንድ በአንድ በመምህሩ መቃብር ፊት ያልፋሉ፤ እያንዳንዱም የራሱን ዜማ እንደ አበባ ጉንጉን አኑሮ ይሄዳል። ይህ ሐሳብ ስለ ስሜት አንዲት ቃል አለመናገሩን ልብ ይበሉ። ማን እንደሚጀምር፣ ማን እንደሚከተል፣ ከበስተጀርባ ምን እንደሚቆይ ግን ወስኗል። ባዶ የኖታ ወረቀት ፊት የተቀመጠን ሰው እጅ የሚያንቀሳቅሰው "ምን ይሰማኛል?" የሚለው ጥያቄ ብዙም አይደለም፤ "ቀድሞ ማን ይንፋ?" የሚለው ነው።

ስለዚህ ሐዘንዎን ለጊዜው ያቆዩትና ከመምህርዎ ዘንድ በጆሮ ሊሰማ የሚችል አንድ ነገር ይፈልጉ። ደግነታቸውና ትዕግሥታቸው በንግግር ይነገራል እንጂ በትሮምቦን አይነፋም። ትምህርቱን በየትኛው ድምፅ ይጀምሩ ነበር? ሐረግ ሲያልቅ የመጨረሻውን ድምፅ እንዴት ይለቁት ነበር? ተማሪ ሲያበላሽ ራሳቸው መሣሪያቸውን አንሥተው የሚያሳዩት ምን ዓይነቱን ቦታ ነበር? ምት የሚቆጥሩት በእግራቸው ነበር ወይስ ጠረጴዛ እየመቱ? አምስታችሁ ሳትነጋገሩ የምታስታውሱትን ለየብቻ ጽፋችሁ ብታነጻጽሩ፣ ቢያንስ አንድ ነገር በሁላችሁም ወረቀት ላይ እንደሚገኝ እገምታለሁ፤ መነሻ ያድርጉት።

ነገሩን በምሳሌ ላሳይዎ። ትራምፔት የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የማሟሟቂያ ልምምድ አለ፤ በሁለተኛው መስመር ላይ የሚጻፈውን ሶል ረዘም አድርጎ መንፋት፣ ግማሽ ቶን ወርዶ መመለስ፣ ቀጥሎ አንድ ቶን ወርዶ መመለስ፣ እንዲህ እያሉ ወደ ታች መቀጠል ነው። በሲ ፍላት ትራምፔት የሚነፋው ይህ ሶል በእውነተኛ ቃናው፣ ማለትም ፒያኖ ላይ ሲመታ በሚሰማው፣ ፋ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ድምፆችም ሁሉ በእውነተኛ ቃናቸው ናቸው። ምት መቁጠሪያውን ሜትሮኖም በደቂቃ 60 ምት ላይ ያድርጉት። አንደኛው ትራምፔት ፋን ብቻውን ጀምሮ ይያዝ። ሁለተኛው ትራምፔት በዚያው ፋ ገብቶ እንደ ልምምዱ መውረድና መመለስ ይጀምር፤ ሚ ፍላት ላይ ሲደርስ ግን አይመለስ፣ እዚያው ይቆይ። ሆርኑም ከፋ ተነሥቶ እስከ ሬ ፍላት ይውረድና እዚያ ይቅር። ትሮምቦኑ ከአንደኛው ትራምፔት አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ፋን ይያዝ፤ በመጨረሻ ቱባው ከሁሉም በታች በሲ ፍላት ይግባ። አሁን በእጅዎ ያለው ሲ ፍላት ማይነር ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ) ሲሆን፣ በሬ ፍላትና በፋ መካከል የተሰነቀረው ሚ ፍላት ያሻክረዋል። ሁለተኛው ትራምፔት ከሚ ፍላት ወደ ሬ፣ ሆርኑም በዚያው ቅጽበት ከሬ ፍላት ወደ ሲ ፍላት ሲወርዱ ሻካራነቱ ይጠራና ሲ ፍላት ሜጀር ይወጣል።

ይህ መክፈቻ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ "የሐዘን" የሚባል ዜማም የለበትም። አዳራሹ ውስጥ ያሉ ተማሪዎቻቸው ግን ገና ሁለተኛው ድምፅ ላይ የማን ክፍል ውስጥ እንዳሉ ያውቁታል። መምህሩን አይተው የማያውቁ አድማጮችም የሚከታተሉት ነገር አላቸው፤ አንድ ድምፅ ወደ አምስት ሲበዛና የሻከረው ሲጠራ ይሰማሉ። የመታሰቢያ ሥራ የሚፈተነው በእነዚህ በሁለተኞቹ ሰዎች ነው፤ የመጀመሪያዎቹማ ምንም ቢነፋ ያለቅሳሉ።

በዚሁ ኮርድ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ጀማሪ ደራሲዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነውና። በቱባውና በትሮምቦኑ መካከል ከአንድ ኦክታቭ በላይ ክፍተት አለ፤ ላይ ያሉት ሦስቱ ግን ተጠጋግተዋል። በተፈጥሮም አንድ የነሐስ ቱቦ የሚሰጣቸው ድምፆች ታች ተራርቀው ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር ይቀራረባሉ፤ ይህን አራራቅ የተከተለ ኮርድ ያለ ብዙ ጉልበት ያስተጋባል። ሦስተኛ ርቀት ያላቸውን ሁለት ድምፆች ወደ ታች አውርደው ለቱባና ለትሮምቦን ቢሰጧቸው ግን ኮርዱ ይደፈርሳል። ሌላው የማቃኘት ጉዳይ ነው። የሜጀር ኮርድን ሦስተኛ ድምፅ የያዘ ተጫዋች፣ እዚህ ሬን የያዘው ሁለተኛው ትራምፔት ማለት ነው፣ ፒያኖ ላይ ከሚሰማው በ14 ሴንት ገደማ ዝቅ ማድረግ አለበት፤ ሴንት የሚባለው የግማሽ ቶን አንድ መቶኛ ነው። ጆሮ ያላቸው ተጫዋቾች ይህን ሳይነገራቸው ያደርጉታል፤ ኖታ መጻፊያ ፕሮግራሞች ግን በተለመደው አሠራራቸው ሁሉንም በፒያኖ ቅኝት ስለሚያጫውቱ፣ ኮርዱ በኮምፒውተር ሲሰማ ደረቅ ሆኖ ቢያገኙት አይሰርዙት። ከጓደኞችዎ ጋር ነፍተው ይፍረዱ።

ስለ ትንፋሽና ስለ ከንፈር እርስዎ ራስዎ ተጫዋች ስለሆኑ ያውቁታል፤ ሲጽፉ ግን የሚረሱት ይመስለኛል፣ ሁሉም ተጫዋች ይረሳዋልና። በ60 ቴምፖ አምስት ደቂቃ ማለት 300 ምት፣ በአራት ምት ሲከፈል 75 ባር ነው። አራት ባር የሚረዝም ሐረግ 16 ሴኮንድ ይወስዳል፤ ለስለስ ብሎ የሚነፋ ትራምፔት ይችለው ይሆናል፣ ታችኛው ክልል ላይ በኃይል የሚነፋ ቱባ ግን ከሩቡ ጥቂት አልፎ አየሩን ይጨርሳል። ስለዚህ ረጅም የባስ ድምፅ ሲፈልጉ ቱባውና ትሮምቦኑ በተለያየ ቦታ እንዲተነፍሱ አድርገው ያጋሯቸው፤ የመተንፈሻውን ምልክትም ራስዎ ጽፈው ይስጧቸው እንጂ ለልምምድ ቀን አይተዉት። አንደኛው ትራምፔት ከ75ቱ ባሮች ቢያንስ ሲሶውን ይረፍ። ከፍ ባለ ክልል በፒያኒሲሞ፣ ማለትም እጅግ ለስለስ አድርጎ፣ መጀመር ከጩኸት ሁሉ የሚከብድ መሆኑንም ያስታውሱ፤ ለመክፈቻው መካከለኛውን ፋ የመረጥኩት በዚህም ምክንያት ነው።

አንድ ሰው ብዙ ጊዜ የማያነሣው፣ በመታሰቢያ ዝግጅት ላይ ግን ወሳኝ የሆነ ነገር ልጨምር። ሐዘን ላይ ያለ ቫዮሊን ተጫዋች እያለቀሰ ሊጫወት ይችላል፤ የነሐስ ተጫዋች ግን አይችልም። ሳግ ሲመጣ ጉሮሮ ይጠባል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ የከንፈር ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁ ያኔ ይሰነጠቃል ወይም ጭራሽ አይወጣም። ለመምህሩ ከሁላችሁም የቀረበው ተጫዋች ረጅሙን ሶሎ ይውሰድ የሚለው ሐሳብ በስብሰባ ላይ ያማረ ይመስላል፤ መድረክ ላይ ግን ያን ሰው ማጋለጥ ነው። ለእሱ አጫጭር ሐረጎች፣ መካከለኛ ክልልና ከእያንዳንዱ ሐረግ በኋላ አንድ ሁለት ባር ዕረፍት ይስጡት። ከፈለጉ ሶሎው በሌላ መሣሪያ በስሱ እንዲደገፍ አድርገው ይጻፉት፤ አንዱ ቢያቅተው ዜማው ይቀጥላል። ይህን ለማንም ሳይናገሩ በኖታው ውስጥ ማስቀመጥ ይችላሉ።

ድምቀትን በተመለከተ ቆጣቢ ይሁኑ። አምስት የነሐስ መሣሪያዎች በሙሉ ኃይላቸው ሲነፉ ከዚያ በላይ የሚኬድበት ቦታ የለም፤ ሁለት ጊዜ ቢያደርጉት ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያደበዝዘዋል። በእኔ ግምት በአምስት ደቂቃ ሥራ ውስጥ አንዴ፣ ከሦስተኛው ደቂቃ በኋላ ባለ ቦታ፣ ከሰባት ስምንት ባር ሳይበልጥ ይበቃል። ከመድረክ ጀርባ ሆኖ የሚነፋ የሩቅ ትራምፔትም ብዙ ሰው የሚመርጠው ብልሃት ነው። አልከለክልዎትም፤ ሁሉም ሰው ስለሚያደርገው ግን አድማጩ ትራምፔቱ ገና ሳይነፋ ትርጉሙን ያውቀዋል፤ በዚያ ላይ ከሩቅ የሚነፋው ሰው ከሌሎቹ ጋር በቃናም በምትም መግጠም ይቸግረዋል። እኔ ብሆን ዝምታን እመርጣለሁ። መምህርዎ ተማሪ ነፍቶ ሲጨርስ ከመናገራቸው በፊት ዝም የሚሉበት ጊዜ ከነበረ፣ ያንኑ ያህል ዝምታ አንድ ሐረግ ካበቃ በኋላ በትክክል ቆጥረው ይጻፉ፤ ተጫዋቾቹም መሣሪያቸውን ከአፋቸው ሳያወርዱ ይቁጠሩት። መሣሪያ ከወረደ ሕዝቡ ያለቀ መስሎት ያጨበጭባል።

ጥያቄ

የእኔም ጉዳይ ተመሳሳይ ነው። የትሮምቦን መምህሬን የሚያስታውስ ሥራ እየጻፍኩ ሲሆን ስማቸውን ወደ ኖታ ለውጬ ዜማ ለመሥራት አስቤአለሁ። የውጭ አገር ደራሲዎች ይህን እንደሚያደርጉ ሰምቻለሁ፤ የእኛ ፊደል ግን ለዚህ የሚመች አልመስል አለኝ። በተጨማሪም እሳቸው በጣም ይወዱት የነበረን አንድ ዘፈን እና በእጃቸው ጽፈው የሰጡኝን የልምምድ ደብተር ልጠቀምባቸው እችላለሁ?

የቀድሞ ተማሪ

መልስ

ስምን ወደ ኖታ መለወጥ የቆየ ልማድ ነው። በጀርመኖች የኖታ አሰያየም የባኽ ስም አራት የላቲን ፊደላት (B-A-C-H) ሲ ፍላት፣ ላ፣ ዶ እና ሲ የተባሉትን ድምፆች ስለሚሰጡ፣ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ራሱም ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙ ደራሲዎችም ተጠቅመውበታል። ሩሲያዊው ደራሲ ሾስታኮቪችም ከስሙ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ዶ እና ሲን አውጥቶ በበርካታ ሥራዎቹ ውስጥ እንደ ፊርማ አኑሯቸዋል። ይህ መንገድ የላቲን ፊደላት ራሳቸው የኖታ ስም በሆኑበት አሠራር ላይ የቆመ ስለሆነ ለእርስዎ ያስቸገረዎት አለምክንያት አይደለም።

ከዚህ የቀደመ ሌላ መንገድ ግን አለ፤ ለእኛ ፊደል ደግሞ እንደተሰፋ ልብስ ልክ ይሆናል። በ1521 ያረፈው ደራሲ ጆስካን ዴ ፕሬ በጣሊያን ለምትገኘው ለፌራራ መስፍን ለኤርኮሌ የጻፈውን ቅዳሴ ዋና ዜማ ያወጣው በላቲን ከተጻፈው የመስፍኑ ስምና ማዕርግ አናባቢዎች ነው። እያንዳንዱን አናባቢ ያንኑ አናባቢ ከያዘው የኖታ ስም ጋር አገናኘው፤ በዚያ ዘመን ዶ "ኡት" ይባል ስለነበር ውጤቱ ሬ፣ ኡት፣ ሬ፣ ኡት፣ ሬ፣ ፋ፣ ሚ፣ ሬ ሆነ። የእኛ ፊደል አናባቢውን በቅርጹ ውስጥ ይዞ ስለሚጓዝ ሥራው ግማሹ አልቋል ማለት ይቻላል። ካዕብን ለዶ፣ ኀምስን ለሬ፣ ሣልስን ለሚ፣ ራብዕን ለፋ ወይም ለላ፣ ሳብዕን ለሶል ይስጡ። ግዕዝና ሳድስ የኖታ አቻ ስለሌላቸው ደንቡን እርስዎ ያወጣሉ፤ ለምሳሌ ሳድስ ዕረፍት ይሁን፣ ግዕዝ ደግሞ ከእሱ በፊት ያለፈውን ድምፅ ይድገም። በዚህ ደንብ "ማስታወሻ" የሚለው ቃል ፋ፣ ዕረፍት፣ ላ፣ ላ፣ ፋ ይሆናል። በትሮምቦን ቀስ ብለው ቢነፉት ዕረፍቱ ራሱ የዜማው አካል ሆኖ እንደሚሰማ ያያሉ። ራብዕ በበዛባቸው ስሞች ፋንና ላን እንደ ጆሮዎ ምርጫ ማፈራረቅ ይችላሉ፤ ሳድስ በበዛበት ስም ደግሞ ዕረፍቱ ሥራውን እንዳይቆራርጠው ሳድሱን ከእሱ በፊት ያለፈው ድምፅ ማራዘሚያ ቢያደርጉት ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ላሳስብዎ። የተገኘው ዜማ የሚያምር ካልሆነ በስማቸው ስለተሠራ ብቻ አያምርም። አድማጭ ስሙን በዜማው ውስጥ አይሰማውም፤ የሚሰማው አምስት ድምፅ ነው። በመሆኑም ከስሙ የወጣውን ነገር እንደ ጥሬ ዕቃ ይዩት፤ ወደ ኋላ ያንብቡት፣ ለባስ ይስጡት፣ ምቱን ያራዝሙት፣ እምቢ ካለ ይተዉት። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ማብራራትም አያስፈልግም፤ እኔ ብሆን ጭራሽ አልጽፈውም፣ ተጫዋቾቹ ብቻ ቢያውቁት ይበቃል።

የሚወዱትን ዘፈን በተመለከተ መልሴ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው የሕግ ነው። የሥራዎች የቅጂ መብት በአብዛኛዎቹ አገሮች ደራሲው ካረፈ በኋላም ለረጅም ጊዜ ይጸናል፤ የበርን ስምምነት የተባለው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ውል ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን የደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ነው፣ ከዚያ የሚያስረዝሙም ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ዘፈኑ ባለቤት ካለው አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ፤ በተለይም ሥራው ተቀርጾ የሚሰራጭ ወይም ኖታው የሚታተም ከሆነ። ሁለተኛው የሙዚቃ ነው። የታወቀ ዘፈን ከተጀመረ በኋላ አድማጩ የእርስዎን ሥራ ማዳመጥ አቁሞ በልቡ ማዜም ይጀምራል። ከዘፈኑ ሦስት አራት ድምፅ ብቻ፣ ያውም በሆርኑ ውስጠኛ ድምፅ ላይ፣ ቢያስቀምጡ የሚያውቀው ሰው ያገኘዋል፤ የማያውቀው ምንም አይጎድልበትም።

ስለ ልምምድ ደብተሩ ስሰማ ግን ደስ ብሎኛል፤ ከስሙም ከዘፈኑም ይልቅ ሀብቱ ያለው እዚያ ነው። ደብተሩ በእጅዎ ቢሆንም በውስጡ የተጻፈው ድርሰት የእሳቸው፣ አሁን ደግሞ የወራሾቻቸው ስለሆነ ቤተሰቡን ሄደው ያስፈቅዱ። ሲያገኟቸው ደብተሩን ይዘው ይሂዱና ያሳዩአቸው፤ ከሌላ ተማሪ ዘንድ ያለ ሌላ ደብተር እንዳለም ሊነግሩዎት ይችላሉ። ከዚያ የትኛው ልምምድ ላይ መምህሩ በእርሳስ ደጋግመው ምልክት እንዳደረጉ ይመልከቱ። ተማሪው ደጋግሞ የሚሳሳተው መምህሩም ደጋግመው የሚያርሙት ቦታ፣ በሁለት ትሮምቦን እንደ ጥያቄና መልስ ቢጻፍ፣ አንዱ ሲደናቀፍ ሌላው ቀና አድርጎ ሲመልሰው፣ የማስተማርን ሥራ ራሱን መድረክ ላይ ያመጣዋል። ፈገግ የሚያሰኝ ከሆነም አይፍሩት፤ በመታሰቢያ ሙዚቃ ውስጥ መሳቅ ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ጥያቄ

እኔ ያለኝ ቡድን የጀማሪዎች ነው። ሦስት ትራምፔት፣ ሁለት ትሮምቦንና አንድ ባሪቶን (ከቱባ አነስ ያለ የነሐስ መሣሪያ) አሉን፤ ሆርንም ቱባም የለንም። መሥራቻችን ለነበሩት መምህር አጭር መታሰቢያ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ግን ለእንዲህ ያለ የተዘበራረቀ ቡድን ይጻፋል?

የቡድኑ አስተባባሪ

መልስ

ይጻፋል፤ ቤትሆቨን ለአራት ትሮምቦን ብቻ ከጻፈ እርስዎ ሦስት ዓይነት መሣሪያ አለዎት። ቡድኑ "ሙሉ" ቢሆን ኖሮ የሚጽፉትን አይጻፉ፤ ባሪቶኑን የባሱ ባለቤት ያድርጉትና ትሮምቦኖቹን በመካከል ያስቀምጡ። በሲ ፍላት ሜጀር ወይም በሚ ፍላት ሜጀር ቢጽፉ ለሁሉም ይመቻል። የትራምፔቶቹን ድርሻ፣ በኖታቸው ሲጻፍ፣ ከመካከለኛው ዶ እስከ ላይኛው ዶ ባለው አንድ ኦክታቭ ውስጥ ይወስኑት፤ ጠንከር ያለው ልጅ ብቻ አልፎ አልፎ ሁለት ድምፅ ከፍ ይበል። ለትሮምቦን ታችኛውን ሲ ፍላትና ታችኛውን ሲ አከታትለው አይጻፉ፤ የመጀመሪያው በአንደኛው የስላይድ ቦታ፣ ሁለተኛው ደግሞ ተጨማሪ ቱቦ በሌለው ትሮምቦን ላይ በሰባተኛው ስለሚነፋ፣ ልጁ ክንዱን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ መመለስ ይኖርበታል፤ ለጀማሪ በፍጥነት የማይሆን ነው።

በጣም አዲስ ለሆኑት ልጆች ረጃጅም ድምፆችን ይስጧቸው፤ የተረፈ ሥራ የተሰጣቸው እንዳይመስላቸው ግን አንዱን ቦታ ብቻቸውን እንዲሸከሙት ያድርጉ። ለምሳሌ ሦስቱ ትራምፔቶች ዜማውን ጨርሰው ሲያርፉ ሁለቱ አዲስ ትሮምቦኖች አምስተኛ ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ድምፆችን፣ ሲ ፍላትንና ከላዩ ያለውን ፋን፣ ለአራት ባር ይያዙ። የተጣራ አምስተኛ ለማቃኘት ቀላል ነው፤ ሲገጥምም ልጆቹ ራሳቸው መግጠሙን ይሰሙታል። ርዝመቱን ከሦስት ደቂቃ አያሳልፉት። ሚውት የሚባለውን የድምፅ ማፈኛ ለጀማሪዎች ባይጠቀሙ ይሻላል፤ ቃናውን ከፍ ወይም ዝቅ ስለሚያደርገው ማረም ይከብዳቸዋል፣ ለመሰካትና ለመንቀልም ጥቂት ባር ይፈጃል።

ድርሻዎቹን ሲገለብጡ ባሪቶኑን የሚነፋው ልጅ በየትኛው ቁልፍ ማንበብ እንደተማረ አስቀድመው ይጠይቁ፤ አንዳንዱ እንደ ትራምፔት በትሬብል፣ አንዳንዱ እንደ ትሮምቦን በባስ ስለሚማር፣ ሁለቱንም ጽፈው ቢይዙ በመጀመሪያው ልምምድ ቀን ጊዜ አይባክንም።